ቅበላን ለአንድ ዓመት ማሸጋገር፦ ቦታው፣ ገንዘቡና ቪዛው ለየብቻ ነው የሚሻገሩት

ጥያቄ፦ «ልጄ አሜሪካ ውስጥ ከሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ ለ2026 መግቢያ ተቀባይነት አግኝቷል። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 78,000 ዶላር ሲሆን ኮሌጁ 66,000 ዶላሩን ይሸፍናል፤ 12,000 የእኛ ድርሻ ነው። አይ-20 (ኮሌጁ ለቪዛ የሚሰጠው ሰነድ) ደርሶናል፣ የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ) 350 ዶላርም ከፍለናል። ትምህርት የሚጀመረው ኦገስት 24 ነው፤ አዲስ አበባ ኤምባሲ ያገኘነው ቀጠሮ ግን ሴፕቴምበር 15 ሆነ። ለአንድ ዓመት ማዘግየት ይቻላል ወይ? ስኮላርሺፑ ይጠብቀዋል? የከፈልነውስ ገንዘብ? የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ሲመጣ እስከዚያው እዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቢማርስ?»

መልስ፦ (ቀኖቹን ከኮሌጁና ከኤምባሲው ወረቀት ጋር ለማስተያየት እንዲመች ሁሉንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።)

ማዘግየቱ ይቻላል። ብዙ የአሜሪካ የግል ኮሌጆች የተቀበሉትን ተማሪ አንድ ዓመት አቆይተው ይወስዳሉ፤ ሃርቫርድ እንዲያውም የተቀበላቸው ተማሪዎች እንዲያስቡበት ለብዙ ዓመታት ሲመክር ኖሯል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጠበቅ ይላሉ፤ ከእነሱ ውስጥ «ዘንድሮ ካልመጣህ እንደገና አመልክት» የሚሉ አሉ። የቪዛ ቀጠሮ መዘግየት ግን የግል ኮሌጆች ብዙ ሳያከራክሩ ከሚቀበሏቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ በእናንተ ጉዳይ ቦታው ያን ያህል አያሳስብም። የሚያሳስበው 66,000 ዶላሩ ነው።

«ቅበላዬ ተሸጋገረልኝ» ሲባል አንድ ነገር ይመስላል እንጂ በሦስት ቢሮ የሚያልቁ ሦስት ጉዳዮች ናቸው። ቦታውን የሚያሸጋግረው የቅበላ ቢሮው ነው፣ ስኮላርሺፑን የገንዘብ ድጋፍ ቢሮው፣ አይ-20ውን ደግሞ የውጭ ተማሪዎች ቢሮው። አንዱ የፈቀደውን ሌላው ጨርሶ ላይሰማ ይችላል። ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው የመጀመሪያውን «እሺ» ይዞ ዓመቱን ሲጠብቅ ቆይቶ፣ በመጨረሻ «ቦታህ አለ፣ ገንዘቡ ግን የለም» ሲባል ነው። ዓመት 78,000 ዶላር መክፈል ለማይችል ቤተሰብ ያለ ገንዘቡ የመጣ ቦታ ወረቀት ብቻ ነው። ስለሆነም ልጅዎ የማሸጋገሪያ ቅጹን ከመፈረሙ በፊት የገንዘቡ መልስ በጽሑፍ መምጣት አለበት።

ከዚያም በፊት ግን ዘንድሮ መሄድ በእርግጥ አለመቻሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ዘንድሮ የሚሞከረው

ኤምባሲዎች ትምህርታቸው ሊጀመር ከተቃረበ ተማሪዎች የተፋጠነ ቀጠሮ ጥያቄ ይቀበላሉ። ጥያቄው የሚቀርበው መደበኛ ቀጠሮ ከተያዘ በኋላ፣ በዚያው የቀጠሮ ማስያዣ ገጽ ላይ ነው፤ እናንተ ይህን ደረጃ አልፋችኋል። ምክንያቱ ሲጻፍ ሐተታ አያስፈልግም። ትምህርት የሚጀመርበት ቀን፣ አይ-20 ላይ ያለው የሴቪስ ቁጥር፣ ኮሌጁ ዘግይቶ ቢመጣ እስከ መቼ እንደሚቀበለው፣ አሁን የተያዘው ቀጠሮ ቀን፤ ይኸው ይበቃል። አንድ ጊዜ ውድቅ የሆነን ጥያቄ ደግሞ ማቅረብ ስለሚያስቸግር የኮሌጁ ደብዳቤ እጃችሁ ሳይገባ አትላኩት።

«እስከ መቼ» የሚለውን የሚመልሰው ኮሌጁ ነው። እያንዳንዱ ኮሌጅ ዘግይቶ ለሚደርስ ተማሪ የሚያስቀምጠው የመጨረሻ ቀን አለ፤ ብዙውን ጊዜ ኮርስ መጨመርና መጣል የሚቻልበት ጊዜ ከሚያበቃበት ጋር ይገጥማል፣ ማለትም ትምህርት ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት። ሴፕቴምበር 15 በዚህ ውስጥ አይገባም። ቀጠሮው ወደ ኦገስት ከተሳበ ግን ይገባል፤ የውጭ ተማሪዎች ኃላፊው፣ በአጠራሩ ዲኤስኦ፣ አይ-20ውን በአዲስ ቀን አስተካክሎ ይልካል።

ናይሮቢ ወይም ሌላ አገር ሄዶ ቀጠሮ መፈለግ ድሮ የተለመደ መላ ነበር። ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት አመልካቾች በዜግነት አገራቸው ወይም በሚኖሩበት አገር እንዲያመለክቱ ስለወሰነ፣ የናይሮቢ የመኖሪያ ፈቃድ ከሌለው ለአውሮፕላን ቲኬት ገንዘብ አታውጡ።

በጃንዋሪ መጀመርስ? አንዳንድ ኮሌጅ ይፈቅዳል፤ ትንንሾቹ የግል ኮሌጆች ግን የአንደኛ ዓመት ተማሪን በመካከል መቀበል አይወዱም፣ ተከታታይ ኮርሶቹ ከኦገስት ስለሚጀምሩ። ደግሞም ድጋፉ ለግማሽ ዓመት ተቆርጦ ቀሪው ስምንት ሴሚስተር ይሞላ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኮሌጁ ራሱ ካቀረበው ጥሩ ነው፤ ካላቀረበ አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ እለፉት።

ገንዘቡ

ኮሌጆች ለውጭ ተማሪዎች የሚሰጡትን ድጋፍ በየመግቢያው ዓመት በጀት ይመድባሉ። ልጅዎ ዘንድሮ ካልገባ የእሱ 66,000 ከዘንድሮው ቋት ወጥቶ ከሚቀጥለው ዓመት ቋት ላይ ይቆረጣል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ከሚቀጥለው ዓመት አመልካቾች የአንዱ ድርሻ ነው። የቅበላ ቢሮው በደስታ «እሺ» ያለውን የገንዘብ ቢሮው የሚያመነታበት ምክንያት ይህ ነው፤ በልጁ ላይ ቅሬታ ኖሯቸው አይደለም። ይህን ተረድቶ መጠየቅና «ቃል ገብታችሁልን ነበር» ብሎ መጠየቅ ለየቅል ናቸው።

የድጋፉ ዓይነትም ይለያል። በውጤት የተሰጠ ስኮላርሺፕ፣ ሜሪት የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ እንዳለ ይሸጋገራል። በቤተሰብ አቅም ላይ የተመሠረተው ግን በየዓመቱ የሚሰላ ስለሆነ ኮሌጁ አዲስ የሲኤስኤስ ፕሮፋይል፣ ማለትም የቤተሰብ ገቢና ንብረት የሚሞላበትን የኢንተርኔት ቅጽ፣ ሊጠይቅ ይችላል። የ2027–28 ፕሮፋይል ኦክቶበር 1 ቀን 2026 አካባቢ ይከፈታል፤ ለመጀመሪያው ኮሌጅ ሲያስከፍል የቆየው 25 ዶላር ነው፣ ኮሌጁ የክፍያ ነፃ ኮድ ካለው ጠይቁት። ከኮሌጁ ውጭ ከሌላ ድርጅት የተገኘ ስኮላርሺፕ ካለ ደግሞ የኮሌጁ ፈቃድ አይመለከተውም፤ ለዚያ ድርጅት ለብቻው ይጻፋል።

በአቅም ላይ ለተመሠረተ ድጋፍ የሚጠየቀው ጥያቄ «ስኮላርሺፑ ይጠበቃል ወይ?» ብቻ ከሆነ መልሱ «አዎ» ሆኖም ሊጎዳችሁ ይችላል። 66,000 ዶላር የሚለው ቁጥር ነው የሚጠበቀው ወይስ የቤተሰቡ 12,000? ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። የኮሌጁ ወጪ በሚቀጥለው ዓመት በ4 በመቶ ቢጨምር 78,000 የነበረው 81,120 ይሆናል። ድጋፉ 66,000 ላይ ከቆመ የእናንተ ድርሻ ከ12,000 ወደ 15,120 ይወጣል። አንድ ዶላር በ150 ብር ቢታሰብ ከ1,800,000 ብር ወደ 2,268,000 ብር፤ ያውም ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ። በአራት ዓመት ጭማሪው በጭማሪ ላይ ይደራረባል።

ብሩም ቆሞ አይጠብቅም። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬውን ተመን ለገበያ የለቀቀው ጁላይ 29 ቀን 2024 ነበር፤ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ቁጠባችሁ በብር ከሆነ ለዘንድሮ የበቃው የባንክ ስቴትመንት ለከርሞ ላይበቃ ይችላል። ይህን ዛሬውኑ አስልታችሁ ያዙት፣ ምክንያቱም ለአዲሱ አይ-20 የገንዘብ ማስረጃ እንደ አዲስ ይጠየቃል።

ለገንዘብ ድጋፍ ቢሮው የሚላከው እንግዲህ ይህን ይመስላል፦ ቅበላዬ ወደ ኦገስት 2027 ቢሸጋገር፣ አንደኛ፣ የተሰጠኝ ድጋፍ ይሸጋገራል ወይስ እንደገና ይወዳደራል? ሁለተኛ፣ የሚሸጋገረው የዶላሩ መጠን ነው ወይስ የቤተሰቤ ድርሻ? ሦስተኛ፣ አዲስ ሰነድ የምትፈልጉ ከሆነ የትኛውን፣ እስከ መቼ? አራተኛ፣ ድጋፉ ስምንት ሴሚስተር ሙሉ ይቆጠርልኛል? ከዚህ በላይ አትጨምሩበት። መልሱ ላይ «ብዙውን ጊዜ»፣ «እንደሚሆን እንጠብቃለን» የሚል ቃል ካለ ገና አልተወሰነም ማለት ስለሆነ በትሕትና ደግማችሁ ጠይቁ።

ደብዳቤው

ጽሑፉን መጻፍ ያለበት ልጅዎ ነው፣ ከራሱ ኢሜይል፣ በማመልከቻው ላይ በነበረው ስምና የአመልካች ቁጥር። የወላጅ ደብዳቤ ኮሌጆቹን አያስደስትም፤ ሸኝ ደብዳቤ፣ የአባት ማኅተም፣ የምታውቁት ሰው ስልክ፣ ይህ ሁሉ እዚያ ቦታ የለውም። የሚላከው ለቅበላ ቢሮው ሆኖ ለአፍሪካ ተማሪዎች ለተመደበው ባለሙያ፣ ለገንዘብ ድጋፍ ቢሮውና ለውጭ ተማሪዎች ቢሮው በግልባጭ ይደርሳል። እንዲህ ሲሆን ሦስቱም አንዱን ጽሑፍ ያነባሉ።

ይዘቱ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ማንነቱና የሚገባበት ዓመት፤ ቦታውን መፈለጉና ወደዚያው ኮሌጅ ለመምጣት መቁረጡ፤ ቀጠሮውን መቼ እንደጠየቀና የትኛው ቀን እንደተሰጠው፣ የተፋጠነ ቀጠሮ ሞክሮ ከሆነም ውጤቱ፤ ዓመቱን በምን እንደሚያሳልፍ፤ በመጨረሻም የሦስቱን ቢሮዎች ማረጋገጫ በጽሑፍ መጠየቁ። የቀጠሮ ማረጋገጫውን ምስል ያያይዝ፤ ከአንድ አንቀጽ ማብራሪያ ይሻላል። ዓመቱን በምን እንደሚያሳልፍ ሲጽፍ ያላሰበውን ትልቅ ነገር አይፍጠር። «የአጎቴ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ እየሠራሁ ፈረንሳይኛ እማራለሁ» የሚል አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር «ማኅበረሰቤን አገለግላለሁ» ከሚለው አንድ ገጽ ይበልጣል።

ሌላ ኮሌጅ አመልክቶ የተሻለ ካገኘ ወደዚያ ለመሄድ ይህንን ቦታ መያዣ ማድረግ አይቻልም። የማሸጋገሪያ ስምምነቶች በአብዛኛው በሌላ ቦታ አላመለክትም የሚል ቃል አላቸው፤ ተጥሶ ሲገኝ ሁለቱም ሊሰረዙ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የመልስ ቀን ሜይ 1 አልፏል፤ ብዙ ኮሌጆችም የማሸጋገሪያ ጥያቄ የሚቀበሉት እስከ ሰመር አጋማሽ ነው። ቪዛ ሲሆን ምክንያቱ፣ ትምህርት እስኪጀመር ይለሳለሳሉ። ከኦገስት 24 በኋላ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ተማሪው ተመዝግቦ እንደቀረ ሊቆጠርና ሒሳብ ሊወጣበት ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል። ፈቃዱ እንደመጣም የመኝታ ክፍሉን፣ የምግብ ዕቅዱን፣ የጤና መድኑንና የመጀመሪያውን ሴሚስተር ምዝገባ በየገጹ ገብቶ ይሰርዝ። የቅበላ ቢሮው ሲያሸጋግር እነዚህ በራሳቸው አይሰረዙም፤ በኦገስት የሚመጣው የክፍያ ደብዳቤ ብዙ ቤተሰብ ያስደነግጣል። የተከፈለ የቦታ ማስያዣ ካለ በአብዛኛው አይመለስም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ግን ይያዛል፤ ይህም በደብዳቤው ላይ ይጻፍ።

እዚህ ዩኒቨርሲቲ መግባት

አይግባ። ከጥያቄዎ ሁሉ መልሱ ቁርጥ ያለው ይሄኛው ነው።

ኮሌጁ የተቀበለው እንደ አንደኛ ዓመት ጀማሪ ነው። በሌላ ዩኒቨርሲቲ ለዲግሪ ተመዝግቦ መማር ከጀመረ ተዛዋሪ፣ ትራንስፈር ተማሪ ይሆናል። በብዙ የግል ኮሌጆች ለውጭ አገር ተዛዋሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ ከጀማሪዎቹ እጅግ ያነሰ ነው፤ ጨርሶ የማይሰጡም አሉ። የማሸጋገሪያ ስምምነቶችም በአብዛኛው ይህንን በግልጽ ይከለክላሉ። አንዳንድ ኮሌጅ ጥቂት ክሬዲት ይፈቅዳል፤ እሱም ቀድሞ ተጠይቆ በጽሑፍ ከተፈቀደ ብቻ።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት መጥቶ ትምህርት ሚኒስቴር ቢመድበውስ? መመደቡ በራሱ ጉዳት የለውም፤ ኮሌጁን የሚመለከተው ምዝገባውና ክፍል መግባቱ ነው። «ተመዝግቦ ይቆይ፣ ማን ያውቃል» የሚለውን የዘመድ ምክር አትስሙ። ለቪዛ ሲያመለክት በማመልከቻ ቅጹ፣ በዲኤስ-160፣ ላይ የተማረባቸውን ተቋማት ይጠየቃል፤ እዚያ መደበቅ የቪዛ ማጭበርበር ይሆናል፣ እዚያ እውነቱን ጽፎ ለኮሌጁ መደበቅ ደግሞ ትዝብትም መዘዝም አለው። የአገር ውስጡ ምደባ እንዳያመልጠው ስጋት ካላችሁ፣ የምትመርጡት ከሁለቱ አንዱን ነው።

የማይነካካ ነገር ብዙ አለ። ሥራ፣ ልምምድ፣ በጎ ፈቃድ፣ በአሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ወይም በጎተ ኢንስቲትዩት ቋንቋ፣ ክሬዲት የሌላቸው የኢንተርኔት ኮርሶች። ከጁላይ 2024 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የምስክር ወረቀት አለው እንጂ የዲግሪ ክሬዲት የለውም፤ ይሆናል። ለሠራው ሥራ የሥራ ደብዳቤ ያውጣ፣ በቪዛ ቃለ መጠይቅ «ዓመቱን ምን ስትሠራ ቆየህ?» መባሉ አይቀርምና።

አይ-20፣ ሴቪስና የከፈላችሁት ገንዘብ

አይ-20ውን አውጡና የመጀመሪያውን ገጽ ተመልከቱ። ከላይ በ«ኤን» ፊደል ጀምሮ 10 አሃዝ የሚከተለው ቁጥር የሴቪስ ቁጥሩ ነው። ወደ ታች ወረድ ስትሉ በግራ በኩል የዓመቱ ወጪ፣ በቀኝ በኩል የገንዘቡ ምንጭ ተዘርዝሯል፤ የኮሌጁ 66,000 እና የእናንተ 12,000 እዚያ ናቸው። ሲሸጋገር የሚለወጡት የመጀመሪያው ቀንና እነዚህ ሁለት ዓምዶች ናቸው፤ ቁጥሩ ግን ሊለወጥም ላይለወጥም ይችላል፣ የ350 ዶላሩን ዕጣ የሚወስነውም እሱ ነው።

ኮሌጆች በሁለት መንገድ ይሠራሉ። አንደኛው፣ ዲኤስኦው በሴቪስ ውስጥ ያለውን መዝገብ ሳይዘጋ የመጀመሪያውን ቀን ወደ 2027 ይገፋዋል፤ ቁጥሩ ያው ይሆናል፣ ክፍያውም አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛው፣ መዝገቡን ዘግቶ በ2027 በአሜሪካ ፀደይ፣ ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ፣ አዲስ አይ-20 በአዲስ ቁጥር ያወጣል። ያን ጊዜ ክፍያው ወደ አዲሱ ቁጥር እንዲዛወር አይ-901 በሚባለው የሴቪስ ክፍያ ገጽ በኩል ይጠየቃል እንጂ ዝም ብሎ ድጋሚ አይከፈልም። ስለዚህ ደረሰኙን አትጣሉ፤ በላዩ ያለው ቁጥር የድሮው ነው፣ ለማዛወር የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ለዲኤስኦው በቀጥታ ጻፉለት፦ «የሴቪስ ቁጥሬ ያው ይቀጥላል ወይ?»

ዝም ከተባለ ደግሞ መዝገቡ በራሱ ይሞታል። ትምህርት ከተጀመረ 60 ቀን ካለፈ በኋላ ያልተመዘገበ ተማሪን መዝገብ ሥርዓቱ ራሱ ይሰርዘዋል፤ በእናንተ ሁኔታ ይህ ኦክቶበር 23 አካባቢ ነው። ቅበላ ቢሮው አሸጋግሯል ብላችሁ ተቀምጣችሁ ዲኤስኦው ሳይሰማ ይህ ቀን እንዳያልፍ።

የቪዛው ጊዜ

አሁን ስሌት የሚፈልገው ነገር መጣ። ሴፕቴምበር 15 ቀጠሮው ስላለ «የተሸጋገረውን አይ-20 ይዘን እንሂድና ቪዛውን አስቀድመን እንያዝ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። በደንቡ ይቻላል፤ ኤፍ-1 የሚባለው የተማሪ ቪዛ ትምህርት ከመጀመሩ እስከ 365 ቀን አስቀድሞ ሊሰጥ ይችላልና። ነገር ግን ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው የጊዜያዊ ቪዛ፣ የተማሪውንም ጨምሮ፣ ለአንድ መግቢያ ብቻ የሚያገለግልና የሦስት ወር ዕድሜ ያለው ሆኗል። አዲስ ተማሪ ደግሞ አሜሪካ መግባት የሚችለው ትምህርቱ ሊጀመር 30 ቀን ሲቀረው ነው። ሴፕቴምበር 2026 የተመታ ቪዛ ዲሴምበር ላይ ያበቃል፤ ልጅዎ የሚገባው ግን ከጁላይ 24 ቀን 2027 ወዲህ ነው። ቪዛውን በእጁ ይዞ ጊዜው ያልፍበታል።

ስለዚህ ከተሸጋገረ የሴፕቴምበሩን ቀጠሮ ሰርዙት ወይም ወደፊት ውሰዱት። ሌላም ምክንያት አለ። አሮጌውን አይ-20 ይዞ ቢቀርብ፣ የትምህርቱ ቀን ያለፈ ስለሆነ ቪዛ አይመታለትም፤ በ214(ቢ)፣ ማለትም ለቪዛው ብቁነቱን አላሳየም በሚለው የሕግ አንቀጽ፣ ከተከለከለ ደግሞ ያ ክልከላ በሚቀጥለው ዲኤስ-160 ላይ «ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ?» ለሚለው ጥያቄ ዕድሜ ልኩን «አዎ» ያስብለዋል። ቀጠሮ መሰረዝ ክልከላ አይደለም።

ትምህርት የሚጀመረው ኦገስት 23 ቀን 2027 ነው ብንል፣ ቃለ መጠይቁ ቢሆን የሚሻለው በጁን ነው። በሜይ መጀመሪያ የተመታ የሦስት ወር ቪዛ ኦገስት መጀመሪያ ላይ ያልቃል፤ መግቢያው በጣም ይጠብባል። በጁላይ መጨረሻ ከሆነ ደግሞ 221(ጂ) የሚባለው ተጨማሪ ማጣራት ቢመጣ ሳምንታት ስለሚወስድ ጊዜ አይተርፍም። በጁን አጋማሽ የተመታ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ይቆያል። የጁንን ቀጠሮ ለማግኘት ግን ገጹን በጁን መክፈት አይደለም፤ አዲሱ አይ-20 እንደደረሰ፣ በፀደዩ መጀመሪያ፣ ቀን መያዝ ነው። ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት የቪዛውን ዕድሜ በስቴት ዲፓርትመንት የየአገሩ ሠንጠረዥ ላይ እዩት፤ ደንቡ ከተለወጠ ስሌቱም ይለወጣል።

የ185 ዶላሩ የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ለ365 ቀን ቀጠሮ ለማስያዝ ያገለግላል። የከፈላችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙና አዲሱን ቀጠሮ ያ ቀን ሳያልፍ አስይዙ፤ ቀጠሮ የመቀየር ዕድሉ የተወሰነ ስለሆነ ቀኑን ወዲያና ወዲህ አታንቀሳቅሱት። ዲኤስ-160ው ግን እንደ አዲስ ይሞላል፣ የትምህርቱ ቀንና ምናልባትም የሴቪስ ቁጥሩ ተለውጧልና። ከጁን 2025 ጀምሮ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾቻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ይጠበቃል፤ ባለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀመባቸውን ስሞች ሁሉ በቅጹ ላይ ይጻፍ፣ የተወውን የድሮ ቲክቶክም ጭምር።

ለቃለ መጠይቁ አዲሱ አይ-20፣ የማሸጋገሪያው ደብዳቤ፣ የገንዘብ ድጋፉ ማረጋገጫ፣ የአዲሱ ዓመት የባንክ ማስረጃ፣ የሥራ ደብዳቤው። መኮንኑ «ለምን ዘገየህ?» ሲለው መልሱ አንድ መስመር ነው፦ ቀጠሮዬ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ስለነበር ኮሌጁ አሸጋገረልኝ።

በመካከሉ ያለው ዓመት

የተሸጋገረ ተማሪ በዓመቱ መካከል መምጣቱን እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል፤ ብዙውን ጊዜ በጃንዋሪና በማርች መካከል አጭር ቅጽ ይላክለታል። ሳይመለስ ከቀረ ቦታው ይለቀቃል። መልእክቱ የሚጠፋው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ኮሌጁ ሰመር ላይ የተማሪ ኢሜይል ከፍቶለት ነበር፣ ሲሸጋገር ያ ኢሜይል ተዘጋ፣ ቅጹም ወደተዘጋው አድራሻ ሄደ። አሁኑኑ የግል ኢሜይሉን ያስመዝግብ፣ በዲሴምበርም ራሱ ጽፎ «የማረጋገጫው ቅጽ መቼ ይላካል?» ብሎ ይጠይቅ።

የ12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕትና የብሔራዊ ፈተናው ውጤት በወጣበት ጊዜ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ይላክ። ቅበላው እስከ መጨረሻው ውጤት ድረስ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው፤ በከርሞው ጁላይ ሬጅስትራር ፍለጋ ከመሮጥ አሁን መጨረስ ይሻላል። ፓስፖርቱም እስከ 2028 መጨረሻ የማያልቅ መሆኑን እዩ።

ገንዘቡ አይሸጋገርም ከተባለ

ያን ጊዜ የማሸጋገሪያ ስምምነቱን አይፈርም። ከፈረመ ሌላ ቦታ ማመልከት ይከለከላል፣ በእጁ ያለው ደግሞ መክፈል የማይችለው ቦታ ነው። ከዚያ ይልቅ «ያለ ድጋፉ መምጣት አልችልም» ብሎ ቅበላውን በአክብሮት ይመልስና በዚህ በመጸው እንደ አዲስ ያመልክት። የትም ስላልተመዘገበ አሁንም ጀማሪ ነው፣ ለጀማሪዎች ለሚሰጠው ድጋፍም ይወዳደራል። ያንኑ ኮሌጅ ጨምሮ ማመልከት ይችላል፤ አንድ ጊዜ የተቀበሉትን ልጅ ፋይል ሲያዩ ምክንያቱን ያውቁታል። የቀዳሚ ማመልከቻዎች ቀን በአብዛኛው ኖቬምበር 1 ወይም 15፣ የመደበኛው ደግሞ በጃንዋሪ መጀመሪያ ሳምንታት ነው። አምና የጻፋቸው ድርሰቶችና የመምህራኑ ደብዳቤዎች አሉ፤ ቶፍል ወይም ዱዎሊንጎ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ከወሰደ ውጤቱ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ለአዲሱ ዙር በአቅም ላይ የተመሠረተ ድጋፍ ለውጭ ተማሪ የሚሰጡ ከስምንት እስከ አሥር ኮሌጆች ይምረጥ፣ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮውንም የመጨረሻ መልስ እስከ ኦገስት አጋማሽ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ለኖቬምበር 1 ለመድረስ ከዚያ በኋላ የሚቀረው አሥራ አንድ ሳምንት ገደማ ነው።